የኤሌክትሪክ ምጣድ ከገዛሁ 11 ወር፤ ሒሳቡ እነሆ

መስከረም 2017 ላይ የቤታችንን ወጪ ለአንድ ወር በደብተር ያዝኩ። ትልቁ ቀዳዳ ታክሲ ወይም ዘይት ይሆናል ብዬ ነበር፤ እንጀራ ሆኖ ተገኘ። አምስት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቼና እናቴ። የሱቁ እንጀራ ስስና ጠባብ ስለሆነ በቀን 9 ካልመጣ አያዳርሰንም። አንዱ 25 ብር፣ በቀን 225፣ በወር 6,750 ብር ማለት ነው። ባለቤቴ ደብተሩን አይቶ ዝም አለ፣ ከዚያ ራሱ እንደገና ደመረው። ያው ነው። "ምጣድ ግዙና እኔ አብኩቼ አሳይሻለሁ" ያለችኝ እናቴ ናት። ጥቅምት ላይ ገዛን። አሁን 11 ወር ሆኖናል፤ ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ ያየሁትን ሁሉ ልንገራችሁ።

የገዛሁት መርካቶ ነው። ስፋቱ 58 ሴንቲ ሜትር፣ ክዳኑ አልሙኒየም፣ አራት እግር ባለው ላሜራ ላይ የተቀመጠ፣ እዚሁ አገር የተሠራ። 6,500 ብር ከፈልኩ። እናቴ አብራኝ ባትሄድ ኖሮ ፊት ለፊት ያለውን የሚያብረቀርቀውን ይዤ እመለስ ነበር። እሷ ስለ ክዳኑም ስለ ቀለሙም አልጠየቀችም። ሸክላውን በጣቷ አንጓ ኳ ኳ አደረገችው። በደንብ የተተኮሰ ሸክላ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ውስጡ የተሰነጠቀ ከሆነ ድፍን ይልባችኋል። ሁለቱን መልሳ ሦስተኛውን ያዘች። ሻጩ በሸክላ ሠሪዎቹ ከሚታወቀው ሰፈር ከቀጨኔ የመጣ ነው አለን፤ እሱን ማረጋገጥ አልቻልኩም፣ ድምፁ ግን ጥሩ ነበር።

ሁለተኛው ፈተና እዚያው ሱቅ ውስጥ አሰክቶ ማየት ነው። "እናት፣ ሁሉም አንድ ነው፣ ምን ያስፈትሻል?" ቢልም ሻጩ ሰካልን። ከሩብ ሰዓት በኋላ እናቴ ከቦርሳዋ በፌስታል የያዘችውን ዱቄት ቆንጠር አድርጋ በላዩ በተነችው። ዱቄቱ በሁሉም ቦታ እኩል ቡናማ ከሆነ ከሥር ያለው ሽቦ እኩል ተዘርግቷል ማለት ነው። አንዱ ጋ ጠቁሮ ሌላው ጋ ነጭ ከቀረ ግን በዚያ ምጣድ የምትጋግሩት እንጀራ ዕድሜ ልኩን ግማሹ ያረረ ግማሹ ያልበሰለ ነው። ይህን ሳታዩ አትግዙ። ክዳኑንም ዙሪያውን ገጥሞ መቀመጡን እዩ፤ እንፋሎቱ ካመለጠ የእንጀራው ጀርባ ይደርቃል።

አሁን ማንም ያልነገረኝን ወጪ ልንገራችሁ። አብዛኛው ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። የኔ 3.5 ነው፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ማለት ነው። ይህ ለሻይ ማፍያና ለስልክ ቻርጀር የምንጠቀምበት ማከፋፈያ የሚሸከመው አይደለም። እኔ በመጀመሪያው ቀን ማከፋፈያ ላይ ሰካሁት። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ፕላስቲኩ መሽተት ጀመረ፣ ስነካው ልስልስ ብሏል። ልጆቹ አጠገቡ ነበሩ፤ ሳስበው አሁንም ሆዴ ይሸበራል። በማግስቱ ኤሌክትሪሻን ጠርተን ከቆጣሪው ለብቻው መስመር፣ ባለ 4 ሚሊ ገመድና የራሱ ብሬከር አስገባን። ከነጉልበቱ 2,300 ብር። ስለዚህ የምጣዱ እውነተኛ ዋጋ 6,500 ሳይሆን 8,800 ብር ነው። ለዚህ ገንዘብ ከሌላችሁ ምጣዱን ለመግዛትም ጊዜው አልደረሰም፤ ሁለቱን አብራችሁ አጠራቅሙ።

ማሟሸቱን እናቴ ጎመን ዘር አድቅቃ፣ ምጣዱን አግላ፣ በጨርቅ እያሸች ሙሉ ከሰዓት ፈጀችበት። ሸክላው ጥቁርና ልሙጥ እስኪሆን ድረስ ደጋገመችው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት እንጀራዎች ተጣብቀው ተበጣጠሱ፣ አራተኛው ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ተጣብቆብኝ አያውቅም።

በሳምንት ሁለት ጊዜ እንጋግራለን፣ ረቡዕና ቅዳሜ፣ በየጊዜው 21 እንጀራ። በአንዴ 42 ጋግሮ ሳምንቱን መጨረስ በመብራት ይቆጥብ ነበር፤ ነገር ግን ከአራተኛው ቀን በኋላ ይሻግታል፣ የተጣለ እንጀራ ደግሞ ከመብራቱ ይበልጣል። በተቃራኒው በየቀኑ አምስት አምስት መጋገር ትልቅ ኪሳራ ነው። ምክንያቱ ሸክላው ነው። የመጀመሪያው ሊጥ ከመፍሰሱ በፊት ምጣዱ ለመጋል 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ አምስት ብትጋግሩም ሃያ አንድ ብትጋግሩም ያችን 20 ደቂቃ ትከፍላላችሁ። ከጋለ በኋላ ግን አንዱ እንጀራ ከማውጣቱ ጋር 3 ደቂቃ አይሞላም። ጎረቤቴ ባልና ሚስት ብቻ ናቸው። የራሷን ምጣድ ልትገዛ ስትል አይሆንም አልኳት፤ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሊጧን ይዛ ትመጣለች፣ በጋለው ምጣድ ላይ ስምንቷን ትጋግራለች፣ የመብራቱን ትሰጠኛለች። ለትንሽ ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም።

ሒሳቡን የያዝኩት ግምት ጠልቼ ነው። ከመጋገሬ በፊትና በኋላ የቆጣሪውን ቁጥር እየጻፍኩ አራት ጊዜ ለካሁ፤ 21 እንጀራ 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። በወር 40 ያልፋል፤ በኔ ቤት ካርድ ላይ ከ200 እስከ 250 ብር ጭማሪ ሆኗል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር አስቡ። ፍጆታችሁ ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ቀድሞውንም ብዙ የምትፈጁ ከሆነ ምጣዱ ከኔ በላይ ያስከፍላችኋል። ታሪፉ ደግሞ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እንዲስተካከል የተወሰነ ነው፤ የዛሬ ቁጥሬን ለከርሞ አትጠቀሙበት።

ዋናው ወጪ ግን መብራት አይደለም፣ ጤፍ ነው። የኔን ቁጠባ ያመጣውም ምጣዱ ብቻ ሳይሆን ቅልቅሉ ነው። በንጹህ ጤፍ ብቻ ብጋግር ከሱቁ እንጀራ ጋር ያለው ልዩነት ከዚህ ያንስ ነበር። በሳምንት 8 ኪሎ እናስፈጫለን፤ 5 ኪሎ ሰርገኛ ጤፍ፣ 3 ኪሎ ነጭ ማሽላ። ጤፉ 750 ብር፣ ማሽላው 270፣ ወፍጮው 50፣ መብራቱ 55፤ በድምሩ 1,125 ብር። የሱቁ በሳምንት 1,575 ነበር። የኛ እንጀራ ሰፊና ወፍራም ስለሆነ በቀን 9 የሚበላው ቤት አሁን በ6 ይጠግባል። በሳምንት 450፣ በወር 1,900 ብር ገደማ ይተርፈናል። ምጣዱና መስመሩ አምስት ወር ሳይሞላቸው ዋጋቸውን መልሰዋል።

በሩዝም ሞክሬያለሁ። በመጀመሪያው ቀን ነጭና ለስላሳ ነው፣ እንግዳ ያደንቀዋል፤ በማግስቱ ስታጥፉት ይሰበራል። የሱቁ እንጀራ ለምን በማግስቱ እንደዚያ እንደሚሆን ያኔ ገባኝ። ማሽላ አብሲቱ በደንብ ከተመታ ሦስተኛው ቀን ላይም ይተጣጠፋል። እናቴ አብሲቱን ከሊጡ ቀንሳ አፍልታ፣ በረድ ሲል መልሳ ታዋህዳለች። እኔ ቸኩዬ በትኩሱ የመለስኩት ቀን ዓይን ያላወጣ፣ ድፍን ያለ እንጀራ በላን።

ቅሬታዬ ሦስት ነው። የመጀመሪያው የመብራቱ መድከም ነው። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምድጃ ሲለኩስ ቮልቱ ይወርዳል። 220 የሚፈልግ ምጣድ 180 ሲደርሰው ኃይሉ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል፤ እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ይደርቃል፣ ጊዜውም ይረዝማል። ስለዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ እጀምራለሁ። መብራት መሐል ላይ ከጠፋ ሊጡን ፍሪጅ ውስጥ አስገባለሁ፤ ውጭ ካደረ ይኮመጥጣል። ሁለተኛው ሸክላው ነው። በአራተኛው ወር በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩትና ከዳር እስከ መሐል ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ወጣበት። በጋለ ሸክላ ላይ እርጥብ ነገር ፈጽሞ አታሳርፉ፤ ማሰሻው ደረቅ ይሁን። ሸክላውን ከነሽቦው ለማስቀየር 1,100 ብር ከፍያለሁ። ይህንን ከቁጠባው ላይ ቀንሱት።

ሦስተኛው ጉልበት ነው። ረቡዕ ከሥራ በፊት ለመጋገር 11 ሰዓት ላይ እነሣለሁ። ማብኳቱን፣ አብሲቱን፣ ማጠቡን ስደምር በሳምንት ስድስት ሰዓት ይሄዳል። እናቴ ባትኖር እችለው ነበር ብዬ አልዋሽም። ቤት ውስጥ የሚረዳ ሰው የሌላችሁና ሁለታችሁም ማታ የምትገቡ ከሆነ፣ ወይ ባለቤታችሁ ሊጡን ማብኳት ይልመድ፣ ወይ ቅዳሜ ብቻ ጋግራችሁ ሌላውን ግዙ። የኔ ባለቤት አሁን እህል ያስፈጫል፣ ቡሃቃ ያጥባል፣ ረቡዕ ጠዋት ምጣዱን የሚሰካው እሱ ነው።

ልጆች ያሉበት ቤተሰብ ላለው፣ የራሱ ቆጣሪ ላለው፣ መስመር ለማስገባት ለተፈቀደለት ተከራይም ሆነ ባለቤት፣ ግዙ እላለሁ። ከሌላ ሰው ጋር ቆጣሪ የምትጋሩ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ በምጣድ ምክንያት የተጣሉ ጎረቤቶች አውቃለሁ።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ከ21ዱ አሥራ ስምንተኛው ሲወጣ ምጣዱን ከሶኬቱ እነቅለዋለሁ። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ በሸክላው ትርፍ ሙቀት ይበስላሉ። እነሱ ሲወጡ የረቡዕን ቁራሽ በላዩ ዘርግቼ እከድናለሁ፤ ምሳ እስኪደርስ ድርቆሽ ሆኖ ይጠብቀናል። እናቴ በበርበሬና በዘይት ታሸዋለች፣ ልጆቹ ሰኞ ለትምህርት ቤት ይይዙታል፤ ለእነሱ በየቀኑ ብስኩት መግዛት ካቆምን ሰባት ወር አለፈን።