የአባቴ ቮልስ፦ ለሐረጎ 1200 ይሻላል ወይስ 1600?

ከአባቴ የወረስኩት አንድ ቮልስዋገን ነው። የ1965 እ.ኤ.አ. ሥሪት፣ ባለ 1200 ሲሲ ሞተር፣ 6 ቮልት። አባቴ መምህር ነበር። ደሴ እየኖረ ኮምቦልቻ ያስተምር ስለነበር ዕድሜው በሁለቱ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ሲወጣና ሲወርድ አለቀ። "ጃንሆይ የወረዱበትን መኪና እኔ ወጣሁበት" ይል ነበር። ንጉሡ መስከረም 2 ቀን 1967 ከቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስ መሆኑን በሱ ዕድሜ የማያውቅ ስለሌለ፣ ቀልዱ ማብራሪያ አያስፈልገውም ነበር።

እሱ ካረፈ በኋላ መኪናዋ ግቢያችን ውስጥ በቆርቆሮ ዳስ ሥር አራት ዓመት ቆመች። ዶሮ ዕንቁላል ጣለችባት። ከዚያ ነው እኔ የተነሳሁት። ዛሬ ትሄዳለች፣ ሐረጎንም ትወጣለች። የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ አሮጌ መኪና ያለው ሁሉ ወደ ግቢው ጥግ ማየት ጀምሯል። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው። የራሷን ሞተር ላሠራው ወይስ ተለቅ ያለ ልግዛ?

መጀመሪያ ግን ስለ አየሩ ላውራ። የደሴ ሰው ሞተር ሲገዛ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ባለ ሰው ምክር ብቻ መሄድ የለበትም።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ካርቡራተር ያለው ሞተር ከባሕር ወለል በላይ በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ ፐርሰንት ያህል ያጣል። አየሩ ስስ ነው፣ ሞተሩ የሚስበው ኦክስጅን ያንሳል። የ1965ቱ 1200 ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ 34 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ደሴ ፒያሳ ላይ 25 ወይም 26 ነው በሉት። የ1600ው 50 ነው፣ እዚህ ሲደርስ 37 ወይም 38 ይሆናል። እንግዲህ ልብ በሉ። 1600 ደሴ ላይ የሚሰጣችሁ ጉልበት፣ 1200 ጀርመን አገር ቆላ ላይ ይሰጥ የነበረው ነው፣ ትንሽ ምርቃት ታክሎበት። ለዚህ ነው እኔ 1600 ማስገባትን ሞዲፋይ የማልለው። የደሴው ጦሳ ተራራ የወሰደብንን ማስመለስ ነው።

የራሷን 1200 ማሠራት

ርካሹ መንገድ ይሄ ነው። ሞተሩ ይወርዳል (ቮልስ ላይ ሁለት ሰው በክሪክ ያወርደዋል)፣ ፒስተንና ሲሊንደር ይቀየራል፣ ፋሻው፣ ብሮንዙ፣ ቫልቮላው ይታያል። የቮልስ ደግነት ሲሊንደሩ እንደ ሌላው ሞተር ከቅርፊቱ (ከሞተሩ ቤት) ጋር አንድ አለመሆኑ ነው። ከነፒስተኑ ነቅሎ አዲስ መትከል ነው። ካልፈለጋችሁ ቶርኖ ቤት መሄድ የለም።

1200ው ጥሩ ጠባይ አለው። ኮምፕሬሽኑ ዝቅ ያለ ነው፣ 7 ለ1። የተገኘውን ቤንዚን ይጠጣል፣ አያንኳኳም። ዘይቱ 2 ሊትር ተኩል ነው፣ በቃ። ነዳጅ ሰልፍ ላይ ግማሽ ቀን ለሚቆም ሰው ቁጠባውም ቀላል አይደለም። በኔ መኪና 1600ው በ100 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ተኩል ያህል ይበልጣል።

ችግሩ ዳገት ነው። ከኮምቦልቻ ስትወጡ ጉልበቱ እያነሰ፣ መንገዱ ሽቅብ እየሆነባችሁ ይሄዳል። እኔ በ1200ው ሐረጎን በሁለተኛ ማርሽ ነበር የምወጣው። ከኋላዬ ኤፍኤስአር የጭነት መኪና ክላክስ ሲያስጮህብኝ፣ ከጎኔ የተቀመጠችው እናቴ ለሾፌሩ እጇን እያወዛወዘች ይቅርታ ትጠይቅ ነበር። እዚሁ ከተማ ውስጥ ከሸዋ በር ቧንቧ ውሃ፣ ከቧንቧ ውሃ ፒያሳ ለሚል ሰው ግን 1200 ይበቃዋል። መኪናዋን ለሰርግና ለእሁድ ብቻ የሚያወጣ ሰው ሌላ ነገር አይግዛ ባይ ነኝ።

1600 ማስገባት

እኔ የመረጥኩት ይሄን ነው። ለምን እንደመረጥኩት ብቻ ሳይሆን ምን እንደገጠመኝም ልንገራችሁ።

አንደኛው ምክንያት መለዋወጫ ነው። ይህ ሞተር ሜክሲኮ ውስጥ እስከ 2003 እ.ኤ.አ.፣ ብራዚል ውስጥ ደግሞ በኮምቢው (በቮልስ ሚኒባሱ) እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ድረስ ሲሠራበት ቆይቷል። ስለዚህ የ1600 ፒስተን ከ1200 ፒስተን ይልቅ ይገኛል። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ስትጠይቁ ልዩነቱን ከሻጩ ፊት ላይ ታነቡታላችሁ።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። በአሮጌዎቹ ሞተሮች ላይ የዘይት ማቀዝቀዣዋ በቬንቶላው (በማራገቢያው) ቤት ውስጥ፣ ልክ ከሦስተኛው ሲሊንደር በላይ ተቀምጣለች። ነፋሱን እሷ ትጋርድበታለች። ዳገት ላይ መጀመሪያ የሚቃጠለው ቫልቮላ የሦስተኛው የሆነው በዚህ ነው። ከ1971 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ማቀዝቀዣዋ ከዚያ ቤት ወጥታ የራሷ መተንፈሻ ተሠራላት። 1600 ስትገዙ ይሄኛውን የቬንቶላ ቤት ይዞ መምጣቱን በዓይናችሁ እዩ። ያለሱ የሚሸጥላችሁ ሰው ግማሽ ሞተር ነው የሸጠላችሁ።

አሁን ወደ ጣጣው። የኔ ዓይነት 6 ቮልት መኪና ላይ 1600 ዝም ብሎ አይገባም። የ6 ቮልቱ ፍላይዊል 109 ጥርስ ነው፣ የ12 ቮልቱ 130። ትልቁ ፍላይዊል ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) አፍ ውስጥ ይነካል፣ ስለዚህ ውስጡ መፋቅ አለበት። መካኒካችን፣ የአባቴም መካኒክ የነበረ ሰውዬ፣ ሞተሩን ገፋ አድርጎ አስገባና በእጁ ሊያዞረው ሞከረ። አልዞር አለ። ፊቴን አይቶ "አብሽር ልጄ" አለኝ። ፍላይዊሉ የሚነካበትን ቦታ በጠመኔ ቀባ፣ አስገባ፣ አወጣ፣ ጠመኔው የተፋቀበትን በግራይንደር ላጠ። ይሄን አምስት ጊዜ ደገመው። ከሰዓት በኋላው በዚሁ አለቀ። ፍሪሲዮኑም ወደ 200 ሚሊ ሜትሩ ተቀየረ። የሞተሪኖው ቡሽም እንዲሁ። መብራቱ፣ ኮይሉ፣ ዲናሞው ሁሉ ወደ 12 ቮልት ሄደ። ይሄኛውን ወጪ ግን አልጸጸትበትም። ክረምት ላይ የሐረጎን ጉም በ6 ቮልት ፋኖስ የነዳ ሰው ይገባዋል።

ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ደግሞ አይስብም። ካንዴላ ሲፈታ ጥላሸት ለብሷል። መካኒካችን በጥፍሩ ጫረት አደረገና ጣቱን አሳየኝ፣ ከሰል። ካርቡራተሩ ለቆላ የተመጠነ ነው፣ እዚህ ቤንዚኑ ለአየሩ በዛበት። ቤንዚን የምታሳልፈዋን ትንሿን ጄት በአነስተኛ ቁጥር ቀየርናት፣ እሳቱንም ትንሽ ቀደም አደረገው። በማግስቱ ካንዴላው የተቆላ ቡና መሰለ። መሆን ያለበት እሱ ነው።

አንድ ነገር ግን እንዳይረሳ። ለደሴ የተስተካከለ ካርቡራተር ይዛችሁ ወደ ባቲና ሚሌ አትውረዱ። ቆላ ስትገቡ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩ ይግላል። ውሃ የሌለው ሞተር ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም። የድሮዋን ጄት ዳሽቦርድ ውስጥ አስቀምጡ።

ከዚያ በላይስ?

ሻጮች 1641 ይሉዋችኋል። 87 ሚሊ ሜትር ፒስተን ነው፣ ቅርፊቱ ሳይነካ ስለሚገባ ያጓጓል። ግን ሲሊንደሩ ግድግዳው ቀጭን ነው፣ ሲግል ክቡነቱ ይበላሻል። የምታገኙት ጭማሪ ደግሞ 57 ሲሲ ነው። አትግዙ።

1776ውን የሚገዛ ሰው ቢያንስ ምን እንደሚገዛ ያውቃል። ቅርፊቱና ቴስታታው ቶርኖ ላይ ይሰፋሉ፣ ሁለት ካርቡራተር ይመጣል፣ ሁለቱን እኩል የሚያስተካክል ጆሮ ያለው መካኒክ ይፈለጋል። ይበራል፣ አልዋሽም። ግን የ1965ቷ መኪና የኋላ አክስል ባለ ክንፍ ነው፤ ኩርባ ላይ ፍጥነት በዝቶ ድንገት ነዳጅ ከለቀቃችሁ የኋላው ጎማ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ኩርባው ሐረጎ ሲሆን፣ ከታች ያለው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

የሱባሩ ሞተር የሚያስገቡም አሉ። ራዲያተር፣ ቱቦ፣ ማገናኛ ሳህን፣ የኮምፒውተር ሽቦ ይፈልጋል። ከዚህም በላይ 2,500 ሜትር ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ የራዲያተሩ ክዳን ከደከመ ሐረጎ አጋማሽ ላይ ጆግ ይዘው ከሚቆሙት አንዱ እናንተ ናችሁ። ቮልስን ቮልስ ያደረጋት አለመፍላቷ ነው። ለምን ብዬ?

ከሞተሩ በፊት ፍሬን

ገንዘባችሁ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ሞተሩን ተዉትና ፍሬኑን ግዙ። አባቴ "በወጣህበት ማርሽ ውረድ" ይል ነበር፣ በዚያ ሕግ ነው አራቱንም ታምቡር ሳይቀይር የኖረው። እኔ ግን ከሱ ሞተር የከበደ ጉልበት ጨምሬያለሁ። የታምቡር ፍሬን ቁልቁለት ላይ ደጋግማችሁ ስትረግጡት ይግላል፣ ሲግል ይለቃል። ሽታውን ቦርከና ወንዝ ሳትደርሱ ታውቁታላችሁ።

ምርጫው ሁለት ነው። አዲስ የፍሬን ሸራ አልብሶ፣ ታምቡሩን አስልቶ፣ በየጊዜው እያስጠበቁ መንዳት፤ ወይም የፊቱን ወደ ዲስክ መቀየር። ሞተሩ 1200 ከሆነ የመጀመሪያው ይበቃል። 1600 ካስገባችሁ ዲስክ ነው፣ ድርድር የለውም። የ1500ውን ቮልስ ፋብሪካው ራሱ ለአውሮፓ ገበያ ከፊት ዲስክ ገጥሞለት ነበር፣ እነሱም አውቀውታል ማለት ነው።

ዲስክ ስትገዙ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። እኔ አንዱንም ሳልጠይቅ ነው የገዛሁት። ሻጩ በስልክ "ለሁሉም ቮልስ ይሆናል" አለኝ፣ ብር ላክሁ፣ ዕቃው በአውቶቡስ መጣ። ካርቶኑን ስከፍት ባለ 4 ብሎን ነው። የኔ ቸርኬ ባለ 5። ከዚያም ሲታይ የፊት አክስሉ ራሱ ሌላ ነው፤ ከ1966 እ.ኤ.አ. ሞዴል በፊት ያለው በፒን የሚገጠመው ዓይነት ነው፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ደግሞ ባለ ኳስ ነው። አንዱ ለአንዱ አይሆንም። ስደውልለት ስልኩ አይነሳም። በመጨረሻ ዕቃውን በግማሽ ዋጋ ለሌላ ባለ ቮልስ ሸጥኩት። እና፦ አክስላችሁ ባለ ፒን ነው ባለ ኳስ? ቸርኬያችሁስ ባለ ስንት ብሎን ነው? ፎቶ ላኩለት፣ ፎቶ ይላክላችሁ፣ ከዚያ ብር።

ማስተር ሲሊንደሩንም አብራችሁ ባለ ሁለት መስመር አድርጉት። የኔ ዓይነቷ ባለ አንድ መስመር ናት፤ አንዲት ቱቦ ከፈነዳች አራቱም ጎማ ፍሬን የለውም።

ስለ ቦዲ ብዙ አልልም፣ ዝገት ዝገት ነው። ግን የኋላ መቀመጫውን አንሱ። ባትሪው የተቀመጠው እዚያ ነው፣ አሲዱ ወለሉን ይበላል። እኔ አውራ ጣቴን ስጫነው መሬቱን ነካሁ። ከበሮቹ ሥር ያለውን የማሞቂያ ቱቦ ደግሞ በመዶሻ ጭራ ኳ ኳ አድርጉት። የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ ነው። እዚያ ላይ የበሰበሰችን መኪና ሞተር ብቻ ቀይራችሁ አትድከሙ።

ወረቀቱም አለ። መኪናዋ በሟች ስም ከሆነ መጀመሪያ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጡ፣ ስም አዙሩ፣ ከዚያ ነው ሞተር የሚገዛው። ሊብሬው ላይ የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ተጽፏል። የሞተሩ ቁጥር ከዲናሞው መቀመጫ ሥር፣ የሻንሲው ከኋላ መቀመጫ ሥር ይገኛል። ሞተር ከቀየራችሁ ቁጥሩ እንዲስተካከል የተገዛበትን ደረሰኝ ይዛችሁ ሂዱ። ቦሎ ሊመጣ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሳይሆን ቀደም ብላችሁ። ደረሰኝ የሌለው ሞተር ርካሽ የሆነው ለምን እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ።

የአባቴን 1200 አልሸጥኩትም። በዘይት ቀባሁት፣ በላስቲክ ጠቀለልኩት፣ ዕቃ ቤት አስቀመጥኩት። ባለፈው ጥቅምት አንድ የኮምቦልቻ ልጅ ሊገዛው መጥቶ ነበር። ዋጋ እንኳ ሳንነጋገር እናቴ ከጓዳ "አይሸጥም" አለች። አሁን የበርበሬ ጆንያዋን የምታስደግፈው በሱ ነው።