ከአምስት ዓመት በኋላ፦ ስለ አንድ ፓኬት የሲ በክቶርን ዘር

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 ሚኒሶታ በሚገኘው ጓሮዬ ልዘራው አስቤ 40 ፍሬ የያዘ አንድ ፓኬት የሲ በክቶርን ዘር በኢንተርኔት ከሚሸጥ ነጋዴ ገዛሁ። ተክሉ ከዘር ተነሥቶ ለፍሬ እስኪደርስ አራትና አምስት ዓመት ስለሚፈጅ፣ አስተያየቴን ለመስጠት እስከ መጀመሪያው ለቀማ መቆየት ነበረብኝ።

ሲ በክቶርን ቅጠሉ ብርማ፣ ቅርንጫፉ እሾሃማ፣ ፍሬው ደማቅ ብርቱካንማ የሆነ ቁጥቋጦ ሲሆን፣ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ የሚደርስ ብርድ ይችላል። በሶቪየት ኅብረት የተማሩ ወገኖቻችን ኦብሌፒኻ በሚለው የሩስያ ስሙ ሳያውቁት አይቀሩም። ፍሬው በቫይታሚን ሲ የበለጸገ ነው፤ ጎምዛዛነቱ ግን ያለ ስኳር የሚደፈር አይደለም።

በዘሩ ጥራት ቅሬታ የለኝም። በፓኬቱ ላይ በተጻፈው መሠረት ዘሩን አንድ ቀን በውሃ ዘፍዝፌ፣ ከእርጥብ አሸዋ ጋር ቀላቅዬ፣ የበረዶ ክረምት ያለፈበት እንዲመስለው ለ90 ቀናት ፍሪጅ ውስጥ አቆየሁት (ከቅቤው ጎን የተቀመጠው አሸዋ ለቤተሰቡ መሳቂያ ሆኖ ከረመ)። በመጋቢት ስዘራው 29ኙ በቀሉ። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ሥራቸው በስብሶ የሞቱት ውሃ ስላበዛሁባቸው ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። በመጨረሻ ፀሐይ በደንብ በሚያገኘው የጓሮው ክፍል 8 ችግኞች ተከልኩ።

ቅሬታዬ ፓኬቱ ሳይናገር ባለፈው ነገር ላይ ነው። ሲ በክቶርን እንደ ፓፓያና እንደ ኮሶ ወንዴና ሴቴው ለየብቻ የሚበቅል ተክል ነው፤ የሚያፈራው ሴቴው ብቻ ሲሆን፣ ለዚያውም ነፋስ ከወንዴው የአበባ ብናኝ ሲያመጣለት ነው። ከዘር የበቀለው ችግኝ የአበባ እምቡጥ እስኪይዝ ድረስ ጾታው በዓይን አይለይም። በአራተኛው ክረምት የወንዴዎቹ እምቡጥ ከሴቴዎቹ ጎላ ብሎ ሲወጣ ብቆጥር 5ቱ ወንዴ፣ 3ቱ ሴቴ ሆኑ። አንድ ወንዴ ለስድስትና ለሰባት ሴቴ ስለሚበቃ፣ አራቱን ውሃ ሳጠጣና ከጥንቸል ለመከላከል ሽቦ ሳጥርላቸው የኖርኩት በከንቱ ነው። ተፈጥሮ ያደረገችውን በሻጩ ላይ አላሳብብም፤ ሆኖም ፍሬ የተንዠረገገበትን ቅርንጫፍ ፓኬቱ ላይ ያሳተመ ነጋዴ ይህንን በአንድ መስመር ሊጽፍ ይገባው ነበር። ቅሬታዬን ስጽፍለት በትሕትና ሌላ ፓኬት በነፃ ሊልክልኝ ቃል ገባ፤ ሌላ አምስት ዓመት ማለት ነው።

ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቼዋለሁ። ሰፊ ቦታና ትዕግሥት ያለው ሰው ቢገዛው አይቆጭም። ጓሮው ጠባብ የሆነ ግን ዋጋው ቢወደድም ከቅርንጫፍ የተባዙና ጾታቸው የታወቀ ሁለት ሴቴና አንድ ወንዴ ችግኞች ቢገዛ ይሻለዋል። ለቀማውን በተመለከተ፣ ፍሬው በቀላሉ ስለሚፈርጥና እሾሁ እጅ ስለሚወጋ፣ ቅርንጫፉን ቆርጦ ፍሪዘር ውስጥ ማሳደርና ፍሬው በረዶ ሲሆን አራግፎ ማውረድ ይቀላል፤ እኔም ባለፈው ነሐሴ ከሦስቱ ሴቴዎች ሁለት ኪሎ የማይሞላ ፍሬ ያወረድኩት በዚሁ መንገድ ነው።