«ከደሴት ደሴት 20 ደቂቃ» በሚሉት ጥቅል እንዳትሸወዱ

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ በተለይ ለጫጉላ ሽርሽር ገንዘብ የምታጠራቅሙ፣ ይህን ሳታነቡ ብር እንዳትከፍሉ።

እኔና ባለቤቴ ባለፈው ጥር ተጋባን። ዛንዚባርንና ፔምባን፣ ሁለቱን የታንዛንያ ደሴቶች ለማየት ደሴ ካለ አንድ የጉዞ ወኪል ጥቅል ገዛን። ልጁ ስክሪኑን አዙሮ አሳየን፤ ከአየር ማረፊያ አየር ማረፊያ 125 ኪሎ ሜትር፣ 20 ደቂቃ። «ቡናችሁን ሳትጨርሱ ትደርሳላችሁ» አለን። አመንነው።

ርቀቱ ውሸት አይደለም። ግን ካርታ ላይ ቀጥ ተደርጎ የተሰመረ መስመር ነው። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባም በአየር 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመኪና ግን 400 ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ከደሴ ኮምቦልቻ ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ሐረጎ ላይ ከተሳቢ ኋላ የተሰለፈ ሰው ግን ስንት እንደፈጀበት ያውቀዋል።

ደቂቃውም ቢሆን የትልቅ ጄት ሂሳብ ነው። እዚያ የሚበሩት ደርዘን ያህል ሰው የሚይዙ ትንንሽ አውሮፕላኖች ናቸው። ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅባቸዋል። ሻንጣም ብዙ ጊዜ ከ15 ኪሎ በላይ አይቀበሉም። እኛ እያንዳንዳችን 23 ኪሎ ይዘን ነበር።

ዋናው ጉዳት ግን ይሄ አይደለም። ወኪሉ ሁለቱን ቲኬት ለየብቻ ነው የቆረጠልን፤ ዛንዚባር ባረፍን በ50 ደቂቃ ውስጥ የፔምባው ይነሳል። የኢሚግሬሽን ሰልፍ ቆምን። «የመድን ወረቀታችሁስ?» ተባልን። ዛንዚባር ከመስከረም 2017 ጀምሮ የውጭ ጎብኚን ለመድን 44 ዶላር ታስከፍላለች። ወኪሉ ትንፍሽ አላለም። ለሁለታችን 88 ዶላር ከኪሳችን አወጣን። ሻንጣ ጠብቀን ወደ አገር ውስጥ በረራ ስንሮጥ አውሮፕላኑ ሄዷል። ባለቤቴ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። የሰርጓ ሂና ገና ከእጇ አልለቀቀም ነበር።

ቲኬቱ አንድ ላይ የተያያዘ ቢሆን አየር መንገዱ በሚቀጥለው በረራ ይወስደን ነበር። ለየብቻ ስለሆነ ተቃጠለ። የፔምባው ሆቴል የመጀመሪያ ሌሊትም አብሮ ተቃጠለ።

ስመለስ ወኪሉ ዘንድ ሄድኩ። «እኛ የበረራ ሰዓት ነው የነገርናችሁ፣ የጉዞ ሰዓት መች አልን?» አለኝ። ደረሰኙን አውጥቼ አየሁት። እውነትም «በረራ» ነው የሚለው። በጣም ያናደደኝ ይህ ነው፤ አውቆ ነው ያደረገው።

ስለዚህ «በረራው ስንት ደቂቃ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። አየር ማረፊያ ከገባሁበት ሆቴል ቁልፍ እስክቀበል ስንት ሰዓት ይወስዳል፣ በሉ። ሁለቱ በረራ በአንድ ቲኬት መያያዙን በዓይናችሁ እዩ። ካልተያያዘ በመሃሉ አንድ ሌሊት ይደርበት። ቲኬት ላይ 14:30 ካለም በእኛ ከቀኑ 8:30 ማለት ነው፤ የታንዛንያ ሰዓት ከእኛ እኩል ስለሆነ የሚቀነስ የሚደመር የለውም።

ማስታወቂያው ዛሬም መስኮታቸው ላይ ተለጥፏል፤ ትናንት ሳልፍ አየሁት። 20 ደቂቃ የምትለዋ በቀይ ተጽፋለች።