ባለ ሁለት ገጽ የህልም ደብተር

ደብተሩ ግራ ገጹን ለህልሙ፣ ቀኙን ለፍቺው ይተዋል። ትልቁ ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ያዩት ከገመቱት ጋር አይደባለቅም። ቀኙ ላይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስሜትን ነው፦ ሲነቁ ፈርተው ነበር? አዝነው? ደግ አድርጓል፤ በህልም የታየ ያው ውሃ ለአንዱ ጭንቀት፣ ለሌላው እረፍት ነውና። ቀጥሎ የትናንቱ ውሎ ይሰፍራል።

ህልም በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚጠፋ፣ ዓይንዎን እንደገለጡ ሳይገላበጡ የመጨረሻውን ትዕይንት ይያዙና ከዚያ ወደ ኋላ ይሂዱ። ስልክ አይንኩ! መጻፊያው እርሳስ ይሁን፤ ተንጋለው ሲጽፉ እስክሪብቶ ቀለም ያቆማል።

ጉድለቱ፣ ፍቺውን በዚያው ጠዋት እንዲሞሉ ማዘዙ ነው። ይህ ችኮላ ነው፤ ማታ ረጋ ብለው ይመለሱበት። ከኋላ የታተመው የምልክቶች ፍቺም ባይኖር ይሻል ነበር። በምትኩ የሚደጋገሙ ህልሞች ማውጫ ቢገባበት፣ ነፍስ ደጋግማ የምታነሳው ጥያቄ ቶሎ ይለይ ነበር።