ላንድክሩዘር 45 ወይስ ላንድሮቨር ሲሪስ 3፦ ግቢው ውስጥ ለሚያድስ ሰው

አዳማ ላይ አሮጌ ፒክአፕ ገዝቶ ግቢው ውስጥ ሊያድስ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሞተሩ ይነሳል?» ብሎ ነው። እኔም እንደዚያ ጠይቄ ነው የተበላሁት። ሞተር ይጠገናል፣ ካልሆነም ሌላ ይገኛል። ዋናው ጥያቄ መኪናው ሥራው እስኪያልቅ ስንት ጊዜ ተጎትቶ ከግቢ ይወጣል የሚለው ነው። በወጣ ቁጥር ገንዘቡም ትዕግስቱም አብሮ ይወጣል። ሁለቱን የምመዝናቸው በዚህ ነው።

ከላንድክሩዘሩ ልጀምር። የ40ው ቤተሰብ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 ተመርቷል፤ 45 ረጅሙ ነው። ቤንዚን ከሆነ 3.9 ሊትሩ «ኤፍ» ወይም ኋላ የመጣው 4.2 ሊትር «ቱ ኤፍ» ይኖረዋል። ናፍጣው 3.6 ሊትር «ኤች» ነው፤ በ1980 ባለ 4 ሊትሩ «ቱ ኤች» ሲገባ መጠሪያው 47 ሆነ። ሁሉም ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ሁሉም ቀርፋፋ፣ ሁሉም ቻይ ናቸው። ቱ ኤች ተከትለው በመጡት ላንድክሩዘሮች፣ በ60ውም በ75ቱም ላይ ስለተገጠመ መለዋወጫው ከ40ው ጋር አልሞተም፤ ለእሱ መርካቶ ሶማሌ ተራ ወርጄ ባዶ እጄን የተመለስኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ቁልፍም 10፣ 12፣ 14 እና 17 ከያዛችሁ ግማሹን መኪና ትፈታላችሁ።

ጣጣው ላሜራው ነው። የገዛሁት 45 ቀለሙ እንደ መስታወት ያበራ ነበር። ግቢ ካስገባሁት በኋላ ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልዬ በሩ ላይ አሳረፍኩ። ከላይ ጥብቅ አለ፤ ወደ ታች ስወርድ ላላ፤ ግርጌው ጋ ሊደርስ አንድ ስንዝር ሲቀረው ዱብ አለ። ስቱኮውን በካቻቢቴ ስፈነቅለው የጣት ውፍረት ነበረው፤ ከሥሩ ጋዜጣ ተወሽቋል። ሻጩ «ኦርጅናል ቀለም» ያለኝ ይሄን ነው! ስለዚህ ማግኔቱን ከጋቢናው ጣሪያ የዝናብ መውረጃ ሥር፣ ከበሮቹ ግርጌና ከወለሉ ላይ ሳታሳርፉ ዋጋ አትጥሩ። ቀጭን ላሜራ በተራ ኤሌክትሮድ ሲበየድ ይበሳል፤ ጥሩ ባትላሜራ ጋ መሄድ ግድ ነው። የእኔው ሦስት ጊዜ ወጥቶ ተመልሷል።

ላንድሮቨሩ ላይ ያው ማግኔት አካሉን አይዝም፤ ከያዘ ጠርጥሩ፣ የሆነ ሰው ቆርቆሮ ለጥፎበታል። እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 የተመረተው ሲሪስ 3 እንደ ቀደምቶቹ አካሉ አሉሚኒየም ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ስለነበር የመጣ ልማድ ነው። ፓራፋንጎውም ኮፈኑም ካሶኒውም በብሎን የተያያዘ ስለሆነ ከአንድ ጎረቤት ጋር ቅዳሜ ጠዋት ይበተናል። የተጨረመተውን ቦታ የልብስ ሳሙና ቀቡና በእሳት አሙቁት፤ ሳሙናው ሲጠቁር እሳቱን አንሱ፣ ሲቀዘቅዝ በእንጨት መዶሻ አቃኑት፤ ይታዘዛችኋል። ከዚያ ካለፈ ግን ይቀልጣል፤ አሉሚኒየም ደግሞ አርጎን የሌለው የሰፈር በያጅ አይደፍነውም፣ በሪቬት መጠገን ነው።

የሚዝገው ሻንሲውና በሞተሩና በጋቢናው መካከል ያለው የብረት ግድግዳ ነው። በመዶሻ እያንኳኳችሁ አዳምጡ፤ ጤነኛው ይጮኻል፣ የበሰበሰው ዱም ይላል። ሌላው ነገር፣ ብሎኑ በኢንች ነው። 13 ቁልፍ ለግማሽ ኢንች የሚሆን ይመስላል፤ ግማሽ ኢንች ግን 12.7 ሚሊሜትር ስለሆነ የጠበቀ ብሎን ላይ ራሱን ይላጨዋል።

ጉልበት አትጠብቁ። አብዛኛው 2.25 ሊትር ባለ አራት ሲሊንደር ነው፤ ናፍጣው አዲስ ሳለ እንኳ 62 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነበረው፣ ከፍታ ላይ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። ወደ አሰላ ሽቅብ ሲል ከኋላው የሚሰለፈው መኪና ሰርግ የሚያጅብ ነው የሚመስለው።

ማሻሻል ለሚወድ ላንድክሩዘሩ ይሻላል። ኤች አውጥቶ ቱ ኤች ማስገባት የአንድ ቤተሰብ ነገር ነው፣ ካምቢዮው ይቀበለዋል። የፊት ከበሮ ፍሬኑንም በ60ው ዲስክ መቀየር ይቻላል፤ እኔ መጀመሪያ የማደርገው እሱን ነው። ላንድሮቨር ላይ ትልቅ ሞተር የጫነ ግን ቶርኖ ቤት አስቀርጾ ማገናኛ ማሠራት አለበት፤ ከዚያ ደግሞ የአጭሩ ላንድሮቨር የኋላ አክስል ዘንጎች፣ ዱሮም ደካማ ናቸው፣ አንድ ቀን ቀጭ ይላሉ። በየትኛውም ላይ ሞተር ከቀየራችሁ ሊብሬው ላይ አስመዝግቡ፤ ካለዚያ ለቦሎ ስትሄዱ ጉዱ ይወጣል።

አሮጌ ሃይለክስስ? ሰኞ ዕቃ ጭኖ መሥራት ለሚፈልግ ጥሩ ነው። የዚህ ጽሑፍ ሰው ግን እሱ አይደለም።

የአዳማ ደረቅ አየር ዝገትን አያስቸኩልም፤ ቢሆንም መኪናው ቀድሞ የት እንደኖረ ጠይቁ። አሰብና ምጽዋ የሠራ መኪና ጨው ይዞ ነው የሚመጣው። ነፋሱ ግን ቀለምን አይምርም፤ ግቢ ውስጥ የሚቀባ ሰው መሬቱን ውኃ ረጭቶ በማለዳ ይጨርስ።

መበየድ የሚችል ወንድም ወይም ጎረቤት ካላችሁ 45ን ግዙ። ቁልፍና ቅዳሜ ብቻ ካላችሁ ላንድሮቨሩን፤ ዛሬ ብጀምር እኔም እሱን ነበር የምገዛው። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ግን የሽቦ ብሩሽና ትንሽ ናፍጣ ይዛችሁ ሂዱ። የሻንሲ ቁጥሩ በሁለቱም ከፊት በቀኝ በኩል፣ ሻንሲው ላይ ተመትቷል፤ ጭቃውንና ግሪሱን ጥረጉና አንድ በአንድ ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። አንድ አኃዝ ከተለየ ሻጩ የፈለገውን ቢምል አትክፈሉ።