አጓስ ሳርካስ በግራም፦ ለዚህ ጥቁር ስባሪ መክፈል ያዋጣል?

የሜትዮራይት (ከጠፈር የወደቀ ድንጋይ) ነጋዴዎች ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ግራም በሚመዝን ስባሪ የሚሸጡት አጓስ ሳርካስ ከተለመደው ኮንድራይት፣ ማለትም ከብዙዎቹ ድንጋያማ ሜትዮራይቶች፣ በብዙ እጥፍ ይወደዳል። ገንዘቡ ይገባዋል፤ ግን ሁለት ነገር ሲሟላ ነው፦ ዝናብ ሳይነካው የተለቀመ መሆኑ በጽሑፍ ሲረጋገጥ፣ ገዢውም ደረቅ አድርጎ ማስቀመጥ ሲችል። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ሌላ ድንጋይ መግዛት ይሻላል።

ድንጋዩ የወደቀው ኮስታ ሪካ ውስጥ፣ ሳን ካርሎስ አካባቢ፣ ኤፕሪል 23 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ማታ ነው። በጠቅላላ 27 ኪሎ ግራም ገደማ ተለቅሟል። ከፊሉ ወዲያው ቢነሳም ቀናት ቆይቶ ዝናብ ጣለ፤ የቀረው ርሶ ነው የተገኘው። በገበያው ላይ «ከዝናብ በፊት» እና «ከዝናብ በኋላ» እየተባለ በተለያየ ዋጋ የሚሸጠው ለዚህ ነው። ልዩነቱ የነጋዴ ወሬ አይደለም፤ ምክንያቱ ማዕድኖቹ ውስጥ አለ።

መጀመሪያ ምደባውን እንይ። መለያ ካርዱ ላይ «ሲኤም2» ተብሎ ይጻፋል። «ሲ» ካርቦናዊ ኮንድራይት፣ ማለትም ካርቦን ያለበት ጥንታዊ ድንጋያማ ሜትዮራይት፣ ማለት ነው። «ኤም» ደግሞ በ1889 ዩክሬን ውስጥ ከወደቀው ከሚጌይ ስም የተወሰደ ሲሆን፣ ቡድኑ የሚጠራው በእሱ ነው። ቁጥሩ ድንጋዩ እናት አስትሮይዱ (የተገነጠለበት፣ ፀሐይን የሚዞር ድንጋያማ አካል) ላይ ሳለ የደረሰበትን ለውጥ ይናገራል፦ 3 ብዙም ያልተለወጠ፣ 2 ውሃ በከፊል የለወጠው፣ 1 ውሃ ሙሉ ለሙሉ ለማለት በሚቻል ደረጃ የለወጠው፤ ከ4 ወደ ላይ ያለው ሙቀት የለወጠው ነው። ስለዚህ 2 የሚለው ቁጥር የጥራት ደረጃ አይደለም። አንዳንድ ሻጭ «ሁለተኛ ደረጃ» አስመስሎ ሲያቀርበው ይታያል፤ ስህተት ነው።

ይህን ምደባ በዓይን አይቶ መስጠት አይቻልም። ቤተ ሙከራው ስስ ቁራጭ አዘጋጅቶ ኦሊቪንና ፓይሮክሲን በተባሉ ማዕድናት ውስጥ ያለውን የብረት መጠን በኤሌክትሮን ማይክሮፕሮብ (በኤሌክትሮን ጨረር ንጥረ ነገር የሚለካ መሣሪያ) ይለካል፤ ከዚያ የኦክስጅን አይሶቶፖችን (ክብደታቸው የሚለያይ የኦክስጅን አተሞችን) ምጣኔ ያያል። ውጤቱ የሜትዮራይት ተመራማሪዎች ማኅበር ለሆነው ለሜትዮሪቲካል ማኅበር የስያሜ ኮሚቴ ይቀርባል። 20 ግራም ወይም የጠቅላላ ክብደቱ 20 በመቶ፣ ከሁለቱ ያነሰው፣ በታወቀ ተቋም መቀመጥ አለበት። አጓስ ሳርካስ ይህን ሁሉ ያለፈ ስለሆነ በማኅበሩ የመረጃ ቋት ስሙን ጽፎ ማንበብ ይቻላል። በአንጻሩ «ካርቦናዊ ይመስላል» ተብሎ ያለ ስምና ያለ ቁጥር የሚሸጥን ድንጋይ አትግዙ።

ውስጡ ምን አለ? ከድንጋዩ 70 በመቶ ገደማ የሚሆነው ጥቁርና በጣም ደቃቅ ማትሪክስ (ሌላውን ሁሉ አቅፎ የያዘው መሠረት) ነው፤ በብዛት የሰርፐንቲን ቤተሰብ ማዕድናት ናቸው። ከእነዚህ ዋነኛው በብረት የበለጸገው ክሮንስቴድታይት ነው። ከእሱ ጋር ተጠላልፎ ቶቺሊናይት ይገኛል፤ የብረት ሰልፋይድ ንብርብር ከሃይድሮክሳይድ ንብርብር ጋር እየተፈራረቀ የተሠራ ማዕድን ነው። የሁለቱ ውህደት የሲኤም ቡድን መታወቂያ ነው ማለት ይቻላል። በመካከላቸው ካልሳይት፣ ፒሮታይት፣ ፔንትላንዳይትና ማግኔታይት ተበትነዋል። ክብ ክብ የሆኑት ቅንጣቶች፣ ኮንድሩሎች የሚባሉት፣ አማካይ ስፋታቸው 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ኦሊቪንና ፓይሮክሲን ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ነጫጭ ነጠብጣቦቹ ደግሞ ካልሲየምና አሉሚኒየም የበዛባቸው ቅንጣቶች ሲሆኑ ስፒኔል የተባለ ማዕድን ይይዛሉ። ከሥርዓተ ፀሐይ ቀደምት ጠጣር ነገሮች መካከል ናቸው፤ ዕድሜያቸው 4.567 ቢሊዮን ዓመት ነው። እጅ ላይ ያለውን ስባሪ ውድ የሚያደርገው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

የዚህ ቡድን ድንጋዮች ከክብደታቸው አንድ አስረኛ የሚጠጋው ማዕድን ውስጥ የታሰረ ውሃ ነው፤ ካርቦኑ 2 በመቶ ገደማ ነው። የምድር ዝናብ ሲነካቸው የሚሟሟው ጨው ይታጠባል፣ ሰልፋይዱ ይዝጋል፣ ከአፈርና ከቅጠል የመጣ ኦርጋኒክ ነገር ደግሞ ይገባባቸዋል። የዛገው ሰልፋይድ ቆይቶ ሰልፌት ሆኖ ነጭ ዱቄት ላዩ ላይ ያወጣል። ያን ዱቄት አይቶ «ከሰማይ የመጣ ማዕድን» ብሎ የሚደነቅ ገዢ አለ፤ ዱቄቱ የመበላሸት ምልክት ነው።

ሌላም ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። አጓስ ሳርካስ ብሬቺያ ነው፤ የተለያየ ታሪክ ያላቸው ስብርባሪዎች ተጣብቀው የተሠራ። አንዱ ክፍል ውሃ አብዝቶ የለወጠው፣ ሌላው ብረት የበዛበት ሊሆን ይችላል። 1 ግራም ስባሪ የድንጋዩን ሁሉ ድብልቅ አያሳይም። ከ3 ግራም በላይ የሆነና አንድ ጎኑ የተሰበረ ብትመርጡ ብዙ ታያላችሁ፤ አየር ውስጥ ሲወርድ ቀልጦ በተሠራ ቅርፊት ሙሉ በሙሉ የተሸፈነው ያምራል እንጂ ውስጡን ይደብቃል።

ሲደርሳችሁ በ0.01 ግራም ሚዛን መዝኑትና ከካርዱ ጋር አመሳክሩ። በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ከጎን ብርሃን ስጡት፤ ጥቁር መሬት ላይ የተበተኑ ደቃቅ ግራጫና ነጭ ነጥቦች መታየት አለባቸው። ማግኔት በክር አንጠልጥላችሁ አስጠጉ፤ ስበቱ ደካማ ነው። አጥብቆ ከሳበ ካርዱን ተጠራጠሩ። እፍጋቱ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 2.2 ግራም አካባቢ ስለሆነ እጅ ላይ ይቀላል፤ የተለመደው ኮንድራይት 3.3 ገደማ ነው። መጠኑን ለመለካት ብላችሁ ግን ውሃ ውስጥ አትንከሩት፤ አሲድም አታንጠባጥቡበት።

ትልቁ ቅሬታ አስተሻሸጉ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚላከው ሁለት የፕላስቲክ ስስ ሽፋን መሃል ተጨምቆ ነው። ድንጋዩ እንደ ከሰል ስለሚፈረፈር ሽፋኑ ጠርዙን ይበላዋል፤ ከፕላስቲኩ የሚወጣው ማለስለሻም ኦርጋኒኩን ይበክላል። ስትገዙ በንጹሕ የአሉሚኒየም ፎይል ተጠቅልሎ በብርጭቆ ብልቃጥ እንዲላክ ጠይቁ። ቤት ውስጥ ብልቃጡን እርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጄል ጋር ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ አስቀምጡ፤ ጄሉ ቀለሙን ሲቀይር ተኩት። በባዶ እጅ አትንኩት፤ የእጅ ላብ የራሱ አሚኖ አሲድ አለው። እርጥበት ገብቶበታል ብላችሁም ምድጃ ውስጥ አታድርቁት።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለማይመቸው አዬንዴ የተባለውን ሜትዮራይት እመክራለሁ። ሜክሲኮ ውስጥ በ1969 ወድቆ 2 ቶን ገደማ ስለተለቀመ ዋጋው በጣም ይቀንሳል። ሲቪ3 ነው፣ ማለትም የካርቦናዊ ኮንድራይት ሌላ ቡድን፤ ጠንካራ ነው፣ ነጫጭ ቅንጣቶቹም ያለ መነጽር ይታያሉ። ማስተማሪያ ለሚፈልግ መምህር ከአጓስ ሳርካስ ይበልጣል። መርቺሰን የተባለው ሜትዮራይት ደግሞ እንደ አጓስ ሳርካስ ሲኤም2 ነው፤ በ1969 አውስትራሊያ ወድቆ ከ70 በላይ አሚኖ አሲዶች የተገኙበት ስለሆነ ስሙ ይከበራል፤ ዋጋውም እንዲሁ።

ብልቃጡ ሥር የሚቀረውን ፍርፋሪ አትጣሉ። በፎይል ለብቻው ጠቅልሉት፣ መዝኑት፣ ከየትኛው ስባሪ እንደወደቀ ጽፋችሁ ከካርዱ ጋር አኑሩት። የዋናው ስባሪ ክብደት ሲቀንስ ቀጣዩ ገዢ የት እንደሄደ ይጠይቃል።