እናቴን መጀመሪያ ሚዛን ላይ ላወጣት የባህር ዳሩ ራዲዮግራፈር

ሰላም የባህር ዳር ልጆች። ይህን ምስጋና ሳልጽፍ ብቀር ይከነክነኛል።

እናቴ የምትኖረው ዘጌ ነው። 67 ዓመቷ ነው፣ ስኳር አለባት፣ ክብደቷ 43 ኪሎ ብቻ። እግሯ ተሰብሮ ጀሶ ውስጥ ከርማ ነበርና አንድ ጠዋት ባቷ አብጦ ትንፋሽ አጠራት። በጀልባ አምጥተን ሐኪም ስናሳያት ደም ረግቶ ሳንባዋ ደርሶ ሊሆን ይችላል፣ በኮንትራስት፣ ማለትም ምስሉን የሚያደምቅ መድኃኒት በደም ሥር ተሰጥቷት፣ ሲቲ ስካን ትነሳ ተባለ።

እውነት ለመናገር ፈርቼ ነበር። በፊት አክስቴን ሌላ ቦታ ስናስነሳት ኪሎዋን የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ምስሉ ደብዝዞ ድጋሚ ተነሳች፣ መድኃኒቱንም ሁለቴ ወሰደች።

እዚህ ግን የሲቲ ክፍሉ ራዲዮግራፈር (ምስሉን የሚያነሳው ባለሙያ) ገና ስንገባ «እማማ፣ መጀመሪያ ይመዘኑልኝ» አላት። ጫማዋንና ጋቢዋን አስወልቆ መዘናት። የኩላሊት ውጤቷን አየ። ክሪያቲኒኗ (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ መጠን) ደህና ነበር፣ እሱ ግን በዚያ አላበቃም፤ ክሪያቲኒን የሚመጣው ከጡንቻ ስለሆነ እንደሷ ዕድሜው የገፋና የከሳ ሰው ኩላሊቱ ደክሞም ቁጥሩ ደህና ሊመስል ይችላል ብሎ ዕድሜዋን አስገብቶ ኩላሊቷ ምን ያህል እንደሚያጣራ አሰላ። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድኃኒት ትወስድ እንደሆነ፣ አለርጂ እንዳለባት ጠየቀ። ከዚያ ከራዲዮሎጂ ሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ 45 ሚሊ ሊትር ይበቃታል አለ።

«ለሁሉም አንድ አይደለም እንዴ?» አልኩት። ሥራ በዝቶበት ሳለ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ደም ሥሩን በምስሉ ላይ ነጭ አድርጎ የሚያሳየው ኮንትራስቱ ውስጥ ያለው አዮዲን ነው። ትንሽ ሰውነት ላይ ያው መጠን ይበዛል፣ ትልቅ ሰው ላይ ያንሳል። ደግሞ የማሽኑን የጨረር ጉልበት ከ120 ወደ 80 ኪሎ ቮልት ሲያወርደው አዮዲኑ ይበልጥ ደምቆ ስለሚታይ በትንሽ መድኃኒት ይሠራል፣ ጨረሩም ይቀንሳል። ይሄ የሚሆነው ለቀጭን ሰው ነው፤ ወፍራም ሰው ላይ ምስሉ ይሻክራል አለኝ።

ከሁሉ የነካኝ ግን የትንፋሹ ነገር ነው። «እማማ፣ በኃይል እንዳይስቡ፣ ባሉበት ብቻ ያዝ ያድርጉት» አላት። በኃይል ሲሳብ መድኃኒቱ ያልደረሰው ደም ከሆድ በኩል ወደ ልብ ገብቶ ኮንትራስቱን ያቀጥነዋል፣ ያኔ የረጋውን ደም መለየት ያስቸግራል። ሦስት ጊዜ አለማመዳት። መድኃኒቱ ሲገባ ሰውነቷ እንደሚሞቅና ሽንት ያመለጣት እንደሚመስላትም ቀድሞ ነገራት። እናቴ ይሄን ባትሰማ ኖሮ ደንግጣ ብድግ ትል ነበር።

ምስሉ በአንዴ ጥርት ብሎ ወጣ። በቀኝ ሳንባዋ የረጋ ደም ተገኘ፣ በዚያው ቀን ደም ማቅጠኛ ተጀመረላት። ይኸው ዛሬ ደጇ ላይ ቡና እያፈላች ነው፣ ተመስገን!

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያክብርህ። እናቴ በስምህ ስትመርቅ ነው የምትውለው።

ስሙን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለለመነኝ የት እንደሚገኝ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ የኩላሊት ውጤትና የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ያዙ። የትም ብትነሱ ደግሞ ካልመዘኗችሁ ኪሎዬ ይሄን ያህል ነው በሉ፣ አትፈሩ።